ቦራ አዝመራ ገባ

በሬዬ መንገድ መሃል ባይተኛ ኖሮ ይህን የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ አስቀድሜ ምስጋናዬን ለበሬው አቀርባለሁ። የሰው ምስጋና ኋላ ይደርሳል።

ሞላ እባላለሁ፤ ያገሬ ሰው አስር አለቃ ሞላ ይለኛል። ቤቴ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ወደ ዓባይ ቆላ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ከጦር ሜዳ በዱላ እያነከስኩ ስመለስ ዘመዶቼ አንዲት ጊደር ሰጡኝ። ዛሬ በደጄ የሚተራመሰውን መንጋ የሚያይ ሰው ከዚያች ጊደር የመጣ ነው ቢሉት አያምንም። እኔ ግን ሁሉንም በእጄ አዋልጃለሁና አምናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጦር ሰፈር ውስጥ ነው፤ አጻጻፌ ቢያነክስ እንደ እግሬ ቁጠሩልኝ። ነገሩ ግን አያነክስም።

በሬዎቼን የምጠራው በማዕረግ ነው። ሃምሳ አለቃ አለኝ፣ ባሻ አለኝ። ከሁሉ የሚያምረው፣ ዳማው፣ ሻምበል ይባላል። ቁመናው ደህና ነው፤ ዳገት ሲደርስ ግን ሌሎቹን አስቀድሞ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ደስ ካለውም መሃል መንገድ ላይ ይተኛል። ስሙን ያወጣሁለት በነገር ነው፤ ነገሩም ይህ ነው።

በደርግ ጊዜ ከገበያ ታፍሼ ወደ ሰሜን ዘመትኩ። ይማም የሚባል የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እሱንም በዚያው ሰሞን ከማሳው ዳር ወስደውት ኖሮ ማሠልጠኛ ላይ ተገናኘን። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ረመዳን ሲገባ ማፍጠሪያው ሰዓት ላይ የጥበቃ ተራውን እይዝለታለሁ፤ ፋሲካ ሲሆን እሱ ይይዝልኛል። በኋላ አንድ ኮረብታ ላይ ተከበብን። እኔ ጭኔን ተመትቼ በቃሬዛ ስወርድ ይማም ከላይ ቆሞ «ሞላ! አብሽር!» እያለ እጁን አወዛወዘልኝ። ጥቂት ቆይቶ የሻምበሉ አዛዥ «ልቀቁ!» ብሎ ሲያዝ ሰማሁ። ድምፁ የሻከረ ነው፤ አሸዋ የዋጠ ይመስላል። ጦሩ ወረደ። ይማም አልወረደም። ከዚያ ወዲያ ያየሁት የለም።

አገሬ ስገባ እህቱ ዘሃራ መንገድ ላይ ተቀበለችኝ። «ወንድሜስ?» አለች።

«ቆሞ ትቼዋለሁ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ቆሞ ነው የተውኩት።

ይህችን ቃል ይዛ ኖረች። በኛ አገር መርዶ ካልተነገረ ሞት የለም፤ ለቅሶም የለም፣ ሰደቃም የለም። ዘሃራ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፤ በሯን ግን አንድም ቀን ቀርቅራ አድራ አታውቅም። መቀርቀሪያው ጥግ ላይ ቆሞ ሸረሪት አድርቶበታል። «ሲመጣ ደክሞት ነው የሚመጣ፤ ሲያንኳኳ አይቁም» ትላለች። ሽማግሌ ተልኮብኝ ያውቃል። ሸሁም መጡ፣ ቄሱም መጡ፤ «ሞቷል በላትና ትረፍ» አሉኝ። ያላየሁትን አልመሰክርም ብዬ ሸኘኋቸው። ዋሽቼ ባሳርፋት፣ ይማም ደግሞ አንድ ቀን በሩን ገፍቶ ቢገባ የማን ፊት ይዤ ልቆም ነው?

ነገር የተካረረው ልጇ ሰዓዳ ከዐረብ አገር የገባች ጊዜ ነው። ለፍታ ለፍታ እናቷን ሐጅ ልታደርስ ተዘጋጅታ መጣች። ዘሃራ አሻፈረኝ አለች። «እኔ መካ ሄጄ እሱ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል?» አለቻት። ሰዓዳ ወደኔ መጣች፤ በረት ስጠርግ ነበር ያገኘችኝ።

«አያ ሞላ፣ የእናቴን ጉልበት አይተውታል። ዘንድሮ ካልሄደች ለከርሞ አይሆንላትም። እርስዎ አንድ ቃል ቢሏት ትሄዳለች።»

«ምን ልበላት?»

«ሞቷል ይበሏት።»

«አይተሻል አንቺ?»

«ወላሂ ይገርማሉ! ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠፋ ሰው፣ ማየት ያስፈልገዋል?»

«ያስፈልገዋል።»

«እንግዲያው ይወቁት፤ እናቴን ከካዕባ ያስቀራት የእርስዎ እልክ ነው» ብላ እያለቀሰች ወጣች። አካፋዬን ይዤ ቀረሁ። ቃሌን ግን አልለወጥኩም።

በሳምንቱ ሻምበልን ልሸጠው ወደ መካነ ሰላም ገበያ ነዳሁት። ስንፍናው መሮኝ ነበር። ከከብት ተራው በላይ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ ስንደርስ እግሩን አጠፈና መሃሉ ላይ ተኛ። ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ጥሩምባውን ነፋ። በሬው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

«አባት፣ በሬዎን ያንሱልን እንጂ!» አለ ሹፌሩ።

«ጎበዝ ከሆንክ ውረድና አንሳው።»

«መንጃ ፈቃዴ የመኪና ነው!»

ሰው ሲስቅ ብሽቅ አልኩ። በዱላዬ ጎኑን መታ መታ እያደረግሁ ጮህኩበት፦ «ሻምበል! ተነስ! አንተ ወደ ኋላ ቀሪ! ወታደሩን አስጨርሰህ አንተ ትተኛለህ? ሻምበል! ተነስ እልሃለሁ፣ ፈሪ!»

«አቤት!» አለ ከሚኒባሱ ውስጥ አንድ ድምፅ።

ሰው ሁሉ ዞረ። መስኮቱ ተከፈተና ጸጉሩ የሸበተ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ አንገቱን አወጣ። «ማነው እሱ የሚሰድበኝ? በስተርጅናዬ!»

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፋ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ ድምፅ አሸዋ የዋጠ ነበር።

ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። «አንተን አይደለም የሰደብኩ፤ በሬዬን ነው» አልኩት። «እስቲ ‹ልቀቁ› በል።»

«ምን?»

«‹ልቀቁ› በላ። እንደ ድሮው።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። በሩን አስከፍቶ ቀስ ብሎ ወረደና ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ ዱላዬ አየኝ። «የየት ጦር ነህ አንተ?» አለ። ነገርኩት። ኮረብታውንም ጠራሁለት። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሻምበል፣ እንሂድ ወይስ እንጠብቅ?» አለ ሹፌሩ።

«ሂዱ። ሻንጣዬን ብቻ አውርዱልኝ።»

በሬው ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ተነሥቶ ጅራቱን ወዘወዘ። ሚኒባሱ አለፈ።

ከአንድ ሻይ ቤት ገባን። በሬውን ከበሩ ምሰሶ አሰርኩት፤ እሱም እዚያው ተኛ። ሰውዬው ታደሰ ይባላል፤ ሻምበል ታደሰ። የከተማ ልጅ ነው፤ መካነ ሰላም የመጣው አስተማሪ ልጁ ወልዳ ሊጠይቃት ነው። ይህን እስኪነግረኝ ድረስ ሻዬን አልነካሁም።

«ለበሬ ስሜን ሰጥተህ ትዞራለህ?» አለኝ።

«ስምህን አይደለም፤ ማዕረግህን።»

«ለምን?»

«ወደ ኋላ ስለሚቀር። ይማምን ጥለህ ወረድክ።»

«ይማም ማነው?»

ብርጭቆውን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝ። «ስሙን እንኳ አታውቀውም!»

«አላውቀውም» አለ ሳይቆጣ። «ወደዚያች ጦር የተቀየርኩት በዚያው ሰሞን ነው፤ የግማሻችሁን ስም ሳላውቅ ነው ያዋጋኋችሁ። ልቀቁ ማለቴ እውነት ነው። ዛሬም ቢሆን እላለሁ። ባልል ኖሮ አንተም ዛሬ በሬ አትነዳም ነበር።»

ብርጭቆውን መልሼ አስቀመጥኩ።

«ግን ተመልሼ ወጥቻለሁ» አለ። «ጦሩን አውርጄ፣ ሁለት ሰው አስከትዬ፣ ሲመሻሽ። ከወደቁት አንዱ ብቻ ትንፋሹ ነበር። ሆዱን ነው የተመታው። ቀጭን ልጅ፣ ጥርሱ ፍንጭት።»

ይማም ፍንጭት ነበር። «ፍንጭት ስንቱ ነው» አልኩ።

«ማን እንደሆነ ብጠይቀው አልሰማኝም። ቦራ፣ ቦራ ብቻ ይላል። ሚስቱ መሰለችኝ። ሲሞት ቀብረነው ስንወርድ ተማረክን፤ አብረውኝ የወጡትም ከምርኮ አልተመለሱም። ስፈታ የወሎ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ‹ባሏ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ፣ ቦራ የምትባል ሴት ታውቃለህ?› እያልኩ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ሰው ይስቅብኛል።»

እኔም ሳቄ መጣ፤ ፈልጌው አይደለም። «አንተ የአስፋልት ልጅ! ቦራ ሴት አይደለችም። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ ነው ቦራ የሚባለው።»

አፉን ከፍቶ ቀረ። «በሬ?»

«በሬ።»

ዞሮ በደጅ የተኛውን በሬዬን አየው። «ዕድሜዬን ሙሉ በሬ ሳፈላልግ ነው የኖርኩት?»

ሳቁ ሲያልፍ ወንበሬን ወደሱ ሳብኩ። ይማም ቤት ቦራ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ግን ቦራ ያልታሰረበት ቤት የት አለ? ለብቻው ምስክር አይሆንም። «ሌላስ ምን አለ?» አልኩት። «ቃሉን ንገረኝ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «‹ቦራ አዝመራ ገባ፣ መልሺው› አለ። ደጋግሞ። ‹መልሰው› አላለም፤ ‹መልሺው› ነው ያለ። እኔ ‹ቦራ›ን ጠርቶ፣ አዝመራ የገባውን ከብት መልሺ የሚላት መስሎኝ ነው። አሁን ገባኝ፤ የገባው ቦራ ነው። ታዲያ መልሺ የተባለችው ማናት?»

ይህን እኔም አላውቅም። የምታውቅ ካለች አንዲት ሴት ናት። ስለ ዘሃራ፣ ስለማይቀረቀረው በርና ስለ ሐጁ ነገርኩት። «ተነስ፤ እንሂድ» አልኩ።

«አንተ ንገራት። ያገሯ ሰው ነህ።»

«እኔ አላየሁም።»

«‹ልቀቁ› ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ ደጇ ላይ ልቁም? አስር አለቃ፣ እኔ ጥይት ፈርቼ አላውቅም። የወታደር እናትና እህት ግን እፈራለሁ። ነገ በጠዋት መኪና ልውጣ፤ ተወኝ።»

«ያን ቀን አዛዡ አንተ ነበርክ፤ ዛሬ እኔ ነኝ» አልኩና ዱላዬን አነሣሁ። «ሻምበል! ተነስ!»

ሁለቱም ተነሡ።

መርዶ በቀን አይነገርም፤ ከገበያ መልስ እንደ ዜናም አይወረወርም። ወደ ሸሁና ወደ ሰፈሩ ዕድር፣ ወደ ቅሬው፣ ዳኛ ሰው ላክሁ። ሻምበሉ እኔ ዘንድ አደረ። ጎህ ሲቀድ፣ የሱብሂ ሶላት እንዳለቀ፣ ሽማግሌዎቹን ይዘን ወጣን። መንገድ ላይ ሸሁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሞላ፣ እሱ ባይሆንስ?» አሉኝ።

«ካልሆነ አልሆነም። እሷ ትፈርዳለች» አልኩ። ልቤ ግን እንደ አፌ አልነበረም። ቃሉን ካላወቀችው የሌላ ሰው ወንድም ነው ማለት ነው፤ እኛም ጎህ ሲቀድ ደጇን ረግጠን ገደልናት ማለት ነው።

ዘሃራ መቁጠሪያዋን፣ መስበሓዋን፣ ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማለች። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰልፎ ሲመጣ የኛ አገር ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም። ሰዓዳ ከኋላዋ ብቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ዘሃራ ማንንም አላየችም፤ እኔን ብቻ አየችኝ።

«ሞላ፣ አየኸው?»

«አላየሁም። ያየውን ሰው ይዤልሽ መጣሁ።»

ሻምበሉ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ወጣ። «እህቴ፣ እኔ የዚያ ጦር አዛዥ ነበርኩ። ልቀቁ ብዬ ያዘዝኩትም...»

«እሱ ይቆየኝ» አለች። «ምን አለ?»

ሻምበሉ ዞሮ አየኝ። «ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ» አልኩት።

«‹ቦራ አዝመራ ገባ፣ መልሺው› አለ።»

መስበሓው በጣቶቿ መሃል ቆመ። እኔ ዱላዬን ጨብጬ ፊቷን አያለሁ፤ ፊቷ ምንም አይልም። ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ ዶሮ ሲጮህ ሰማን። ከዚያ ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«የወሰዱት ቀን» አለች፣ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም፣ «እኔ ማሳ ውስጥ አርማለሁ። እሱ ቦራን በገመድ ይዞ ዳር ዳሩን ያስግጠዋል። ሲይዙት ገመዱን ለቀቀው። እየጎተቱት ዞሮ ‹ቦራ አዝመራ ገባ፣ መልሺው!› ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ሞኝ፣ በሬውን ልመልስ ሮጥኩ። መልሼ ስመጣ ሰው የለም። አቧራ ብቻ። ስለ በሬ ብላ ወንድሟን ሳትስመው ቀረች እንዳልባል እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም። ለእናቴም። ለዚህችም» አለች ወደ ሰዓዳ እያሳየች።

ሽማግሌ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

«ብቻውን ነበር?» አለችው ሻምበሉን።

«አልነበረም። ራሱ ጉልበቴ ላይ ነበር።»

«ፊቱንስ ወደ ካዕባ አዞራችሁለት?»

«አብሮኝ የወጣ እስላም ወታደር ነበር። እሱ ነው በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ወደ ቂብላ የመለሰው። ድንጋይ ከምረንበታል፤ አውሬ አይደርስበትም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ደፉን ተደግፋ ተነሣች። ወደ ሰሜን ዞረችና፣ ሐዘንተኛ እህት እንደምትጣራው አይደለም፣ ከማሳ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠራ አድርጋ ጮኸች፦

«መልሼዋለሁ፣ ይማሜ! መልሼዋለሁ! አብሽር!»

ከዚያ ነው ለቅሶው የተነሣው።

ሻምበሉ አጠገቧ ተንበርክኮ «አፉ በይኝ» አላት። «ተመልሰህ ወጥተሃል አይደል?» አለችው፤ «አፉ ብያለሁ። ያልተመለሰውን ነው እንጂ የተመለሰውን ምን እለዋለሁ?» ከዚያ ሰዓት ወዲያ አንተ ብዬው አላውቅም። አንቱ ነው የምላቸው።

ቅሬው ድንኳን ተከለ፣ ሸሆቹ ሬሳ በሌለበት የሚሰገደውን ሶላት ሰገዱለት። ለሰደቃው ሻምበልን ጎትቼ አመጣሁ። ሻምበል ታደሰ «ማዕረጌን ልታሳርድ ነው?» ብለው ለቀስተኛውን አሳቁት። ዘሃራ ግን እጇን በበሬው ግንባር ላይ አድርጋ «ይህ አይታረድም። መንገድ ዘግቶ መርዶዬን ያመጣልኝ እሱ ነው» አለች። ሃምሳ አለቃን ሰጠሁ። እንደ ልማዱ ሻምበል ተርፎ ሃምሳ አለቃ ወደቀ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ዘሃራ ከልጇ ጋር ሐጅ ሄደች። ስትመለስ ተሸክማ የመጣችውን የዘምዘም ውኃ ለኔ ለክርስቲያኑም ቀዳችልኝ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ይህ ሽማግሌ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። እልኬ አልተለወጠም። ዛሬም ያላየሁትን አልመሰክርም። የተለወጠው ይህ ነው፦ ድሮ ‹አላየሁም› ብዬ ቤቴ እገባ ነበር፤ አሁን ‹አላየሁም፣ ያየውን ግን እፈልገዋለሁ› እላለሁ። በገበያ ቀን የቀድሞ ወታደር ካገኘሁ ሻይ አስቀድቼ እጠይቀዋለሁ፤ የት ነበርክ፣ ማን ወደቀ፣ ምን አለ? ከአጅባርም ከወረኢሉም ወንድምና አባት የጠፋባቸው ሰዎች ደጄን ያንኳኳሉ። ሁሉም አልተገኘም። የተገኘለት ቤት ግን አለ፤ እጁን ይዤ ያደረስኩት ምስክር አለ።

ከናንተ መሃል የወደቀ ሰው አጠገብ የነበረ ካለ፣ ሄዶ ይናገር። ጀግና ነበር፣ ምንም አልተሰማውም እያለ አያሳምር። የሰማውን ቃል እንዳለ ያድርስ፤ በሬም ቢሆን፣ አዝመራም ቢሆን፣ እናንተ ያልገባችሁ ቃል የሚገባው ሰው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሻምበልን አልሸጥኩትም። ለቅሶው አብቅቶ ድንኳኑ የፈረሰ ዕለት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከብቶቼን በዘሃራ ደጅ በኩል ስነዳ ከውስጥ አንድ ነገር ቋ ሲል ሰማሁ። ቆሜ አዳመጥኩ። መቀርቀሪያው ነው። ሻምበል እንደ ልማዱ መሃል መንገዱ ላይ እግሩን አጠፈ። ይተኛ ብዬ እኔም ዱላዬን ተደግፌ እዚያው አጠገቡ ቆምኩ።